ደህና ነኝ ያሉት ልብስ ሰፊ

ዴልፊን ሱማጋይሳይ በቪላ ክላራ ከተማ የነፍስ አድን ቡድን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ካዳናቸው ነፍሶች የሚበዙት የድመት ነበሩ። ቀልድ አይደለም። ስልክ ይደወላል፣ ቡድኑ ብርቱካናማ ቱታውን ለብሶ ይወጣል፣ ሲደርስ አንዲት ወይዘሮ ወደ ማንጎ ዛፍ ጫፍ ጣቷን ቀስራ ትጠብቃለች። ከድመት ቀጥሎ እባብ ነው፤ ከእባብ ቀጥሎ ጣት አብጦ አልወጣ ያለ የጋብቻ ቀለበት። አንድ ጊዜ ደግሞ ሚስቱ በር ቆልፋበት በሽንት ቤት መስኮት ልግባ ሲል ወገቡ ላይ የተቀረቀረ ሰውዬ አውጥተዋል። ሚስትየዋ ባሏ ነፃ ሲወጣ አይታ «መልሱት፤ እዚያው ይሻለው ነበር» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። የቡድኑ ሹፌር ዊልማር ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ያወራዋል፤ ባወራው ቁጥርም መስኮቱ እየጠበበ ሰውዬው እየወፈረ ይሄዳል።

ዴልፊን በሙያው ግንበኛ ነው፤ አባቱም ግንበኛ ነበር። ጅዳ ውስጥ አምስት ዓመት ሶሌታ፣ ማለት የፎቅ ኮንክሪት ወለል፣ ሲሞላ ኖሯል፤ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የቪላ ክላራን ግማሽ ፎቅ የሞላው እሱ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። መንግሥት ከተሞች የራሳቸው የአደጋ ቡድን ይኑራቸው ብሎ ኮንክሪት መቁረጫውን፣ በአየር የሚነፋውን ማንሻና ከፍርስራሽ ሥር ድምፅ የሚያዳምጠውን መሣሪያ ከዋና ከተማ ሲልክ፣ ዕቃውን የሚሸከም ጎረምሳ አልጠፋም። የጠፋው የወደቀ ሶሌታ አይቶ በምን ላይ እንደቆመ የሚናገር ሰው ነው። የቡድኑ አለቃ ጡረታ የወጡ እሳት አጥፊ ናቸው፤ ስማቸው አርሴንዮ ሲሆን ታላቅነታቸውን አክብሮ ከተማው ሁሉ «ኖንግ አርሴንዮ» ነው የሚላቸው። እሳቸው ናቸው ዴልፊን ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከሥሩ ቆመው «ሮጦ የሚገባ ሞልቶኛል፤ የማይገባበትን የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት፤ ውረድ!» ያሉት። ወረደ። ከዚያ ወዲህ ኮንትራቱ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ ሥራው የመንግሥት ነው፣ ሠራተኛው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ።

የነፍስ አድን ዋናው ሥራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው መቆፈር አይደለም፤ መጣራት ነው። ኖንግ አርሴንዮ ጡጫቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ሞተር ሁሉ ይጠፋል፣ የሚያወራው ዝም ይላል፣ የሚያለቅስም ካለ ለደቂቃ እንዲታገስ ይለመናል። ከዚያ አንድ ሰው ይጣራል። ከሥር መልስ ከመጣ የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች አሉ፤ ስምህ ማነው፣ ካንተ ጋር ማን አለ፣ የት ነው ያመመህ፣ ምን ተጭኖሃል፣ የእግር ጣትህን ማንቀሳቀስ ትችላለህ? መልሱ ግድግዳ ላይ በሚረጭ ቀለም ይጻፍና ለአለቃው በአፍ ይነገራል። ዴልፊን እነዚህን ጥያቄዎች እንደ መቁጠሪያ ጸሎት ያወርዳቸዋል።

ከዋና ከተማ የመጡት አሠልጣኞች ያላስተማሩት ነገር ቢኖር በእናት ቤት የሚማሩትን ነው። በቪላ ክላራ ምግብ ቀርቦ ሳለ በበር ያለፈ ሰው ሁሉ «ና፣ እንብላ!» ይባላል። ያለፈውም ሰው ሆዱ እየጮኸ «ጠግቤያለሁ፣ አሁን ነው የበላሁት» ይላል። ይህ መልስ አይደለም፤ መልስ አለመሆኑን ደግሞ የማያውቅ የለም። ሁለተኛ ይጠየቃል፣ ሁለተኛም እምቢ ይላል። ሦስተኛው ላይ እጁ ተይዞ ሲጎተት «እንግዲያስ ትንሽ ልቅመስ» ብሎ ይቀመጥና ሁለት ሳህን ያነሳል። በመጀመሪያው እምቢታ እንግዳውን የሚያሰናብት ሰው ወይ ንፉግ ነው ወይ አሳዳጊ የበደለው። ዴልፊን ልጅ ሳለ እንግዳን አንዴ ብቻ ጠይቆ ዝም ካለ እናቱ በጠረጴዛው ሥር ይቆነጥጡት ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ረቡዕ ቀን፣ ለአራት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መሬት ተንቀጠቀጠች። ግማሽ ደቂቃ ነው የፈጀው። ከገበያው ጀርባ የነበረው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ መካከለኛውን ፎቁን ውጦ ቁጭ አለ። ምድር ቤቱ የልብስ ሰፊዎች ሱቅ ነበር፤ ላይኛው ፎቅ ላይ የነርስነት ተማሪዎች ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ መርፌያቸውን እንደያዙ ወጥተዋል ተባለ። የተማሪዎቹ ለቅሶ ግን ከፊት ለፊት በኩል ጎልቶ ይሰማል። ኖንግ አርሴንዮ ቡድኑን ከፊት አሰለፉና ዴልፊንን «አንተ በኋላ ዙርና ሶሌታውን እየው፤ ሰው ካለም ተጣራ» አሉት። ደንቡ ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ነው፤ ጓዱ ዊልማር ግን ኮንክሪት መቁረጫውን ከመኪናው ሊያወርድ ሄዶ ስለነበር ዴልፊን ብቻውን ዞረ።

በኋላ በኩል ሕንፃውን ከጎረቤቱ የሚለይ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ግድግዳው ተሰንጥቆ ከሥሩ በደረት ተስቦ የሚገባበት ቀዳዳ ከፍቷል። ዴልፊን ጎንበስ ብሎ ተጣራ።

«ነፍስ አድን ነን! የሚሰማኝ ሰው አለ?»

«አለሁ» አለ አንድ የሴት ድምፅ። ቀጭን ነው፣ ግን አልተጨነቀም፤ በር ተንኳኩቶባት የምትመልስ ሴት ድምፅ ነበር።

«ማን ልበል፣ ናናይ?» አለ፤ በዕድሜ እናቱ የምትሆንን ሴት ሁሉ እንደሚጠራው።

«ኮንሲንግ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

«ዴልፊን ነኝ። የግንበኛው የቶኒንግ ልጅ።»

«ውይ፣ የቶኒንግ! ለመጀመሪያ ቁርባንህ ሱሪ የሰፋሁልህ እኔ አይደለሁ እንዴ? እግርህ መቼም መከራ ነበር፤ ሁለቴ ጨርቅ አስጨምረኸኛል።»

ዴልፊን ሳቀ። ፍርስራሽ ሥር ካለ ሰው ጋር መሳቁ በኋላ እንቅልፍ ከነሱት ነገሮች አንዱ ነው።

«ተጎድተዋል፣ ናናይ?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ቶቶ» አሉ፤ እንደ ትንሽ ወንድ ልጅ እየጠሩት። «ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ውሃም እዚሁ አለኝ። ይልቅ ፎቅ ላይ ያሉትን ሴቶች ልጆች ቶሎ ድረሱላቸው። ሲያለቅሱ ይሰማኛል፤ እናቶቻቸው ሩቅ ናቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ደህና ነኝ አልኩህ እኮ። እነሱን አስቀድም። እኔ የትም አልሄድ።»

ይህን ሲሉ መሬቷ ዳግመኛ ነዘረች። ለአምስት ሰከንድ ያህል ነው፤ ግን ከላይ አቧራና ጠጠር ወርዶ ዴልፊን አንገት ውስጥ ገባ። ቀና ብሎ አየ። ቀዳዳውን የሸፈነው ሶሌታ የቆመው በአንድ ኮለን ላይ ነው፤ ኮለኑ ተሰንጥቆ ፌሮው ወጥቷል። የኮንክሪቱን ቀለም እንዳየ አሸዋው በዝቶ ሲሚንቶው እንደተሰረቀ ገባው። ሌላ ሰው ቢሆን አያውቅም፤ እሱ ግን ያውቃል። ፈራ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም፤ ፈራ።

የቀሩትን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መግባት አያስፈልገውም ነበር። ከቆመበት ሆኖ «ምን ተጭኖዎታል? እስቲ የእግር ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን ከጠየቀ ይመልሳሉ፤ የሚመልሱት መጥፎ ከሆነ ደግሞ በዚያ ኮለን ሥር በደረቱ መሳብ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ አልጠየቀም። እምቢታ አንዴ ከሆነ እምቢታ እንዳልሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተቆንጥጦ የተማረ ሰው፣ የአንዲት አሮጊት «ደህና ነኝ» የሚል ቃል አንዴ ሰምቶ እንደ ሐኪም ማስረጃ ተቀበለው። ስለተመቸው ተቀበለው።

ቀለሙን አውጥቶ ግድግዳው ላይ «1 በሕይወት፣ ይቆያል» ብሎ ጻፈ።

«ተመልሼ እመጣለሁ፣ ናናይ።»

«እሺ ቶቶ። ቀስ ብለህ ሂድ፤ መሬቱ ጥሩ አይደለም።»

ወደ ፊት ሲዞር ከፍርስራሹ መካከል የአንዲት ተማሪ እጅ ወጥቶ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ። ኖንግ አርሴንዮ «ዴልፊን! የት ነበርክ? ይሄ በምን ላይ ነው የቆመው? ከየት ልቁረጥ?» ብለው ጮኹበት። የኋላውን ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን የልጅቷን እጅ አየና ስለ ሶሌታው መናገር ጀመረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ትዝ አለው። ያኔ ደግሞ ከተናገረ «እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» ሊባል ነው። ሲያሰላስል ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ ግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ጊዜው በሄደ ቁጥር መናገሩ የባሰ ከበደው። በየመሀሉ ለራሱ «ደህና ነኝ ብለዋል፣ ውሃ አላቸው» ይላል።

በዚያ ቀን ዴልፊን የሠራውን ሥራ ማንም አይክድም። አራት ተማሪዎች በሕይወት ወጡ። አራተኛዋን በተለይ ያወጣት የእሱ ዓይን ነው፤ ሌሎቹ ሊቆርጡበት ያሰቡትን ቦታ «እሱን ብትነኩት ሁላችንም እንቀበራለን» ብሎ ያስቆመ እሱ ነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዱ ዊልማርን «ያ ረጅሙ ማነው?» ሲለው ሰማ። ሰባት ሰዓት ላይ የመጣው ድጋሚ መንቀጥቀጥ የኋላውን ግድግዳ ሲያፈርሰው ቀለሙም አብሮ ፈረሰ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዴልፊን ከዊልማር ጋር ተመልሶ ተጣራ። መልስ የለም። ጡጫ ተነሥቶ፣ ሞተር ጠፍቶ ዳግመኛ ተጣራ። ማዳመጫው ላይ የተሰማው የገዛ ትንፋሹ ነው። ያን ጊዜ ኮለኑን ሳያይ በደረቱ ገባ፤ ዊልማር ከኋላው ቱታውን ይዞ «አብደሃል? ይደገፍ መጀመሪያ!» እያለ ሲጮህ አልሰማውም። ናናይ ኮንሲንግ እንዳሉት ተቀምጠዋል። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከጉልበታቸው በታች ግን ሁለቱም እግሮቻቸው በወደቀ የኮንክሪት ቢም ሥር ነበሩ። የውሃው ጠርሙስም አለ፤ ከእጃቸው ሁለት ክንድ ርቆ፣ ክዳኑ ሳይከፈት።

ቢሙን በማንሻ አንሥተው ሲያወጧቸው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ኖንግ አርሴንዮ ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ፤ ብዙ ቅጽ ይቀራቸው ነበር።

«ተጣርተህ ነበር?»

«ተጣርቻለሁ።»

«መለሱ?»

«አልመለሱም» አለ ዴልፊን።

ይህ ስለ ስምንት ሰዓት ተኩሉ እውነት ነው። አለቃው «ሕንፃው እንደወደቀ ወዲያው ሕይወታቸው አልፏል» ብለው ጻፉ። ዴልፊን ከትከሻቸው በላይ ሆኖ ሲጽፉ ያያል። እስክሪብቶው ነጥብ ላይ እስኪደርስ ጠበቀ፤ ከዚያ ውሃ ሊጠጣ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን፣ አስከሬኑ ገና ቤት ተቀምጦ ሰው እየተሰናበተ ሳለ፣ የናናይ ኮንሲንግ ልጅ ሚንዳ በኮኮናት ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ምግብ በፌስታል ይዛ ጣቢያው መጣች። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ እጇ ሁልጊዜ የሳሙና ሽታ አለው። ዴልፊንን ለብቻው ጠራችው።

«እናቴን ያወጣሃት አንተ ነህ አሉኝ፣ ኖንግ ዴልፊን።»

«ከጓደኞቼ ጋር ነው፣ ኢንዳይ» አላት፤ ታናሽ እህትን እንደሚጠሩት።

«ሪፖርቱን አነበብኩት። ወዲያው ነው ይላል። አልተሰቃየችም ማለት ነው፣ አይደል?»

ዓይን ዓይኑን እያየች ነበር።

«አዎ ኢንዳይ፣ አልተሰቃዩም» አላት።

ሚንዳ ራሷን ነቀነቀች። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ቡድኑ ሩዙን በልቶ ጨረሰ፤ ዴልፊን «ጠግቤያለሁ» አለ፤ ማንም ሁለተኛ አልጠየቀውም፣ ሥራ በዝቶባቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ተበላሸ። ከባጃጅ ወድቃ ክርኗ የተላጠ ሴትዮ «ደህና ነኝ» ብትለው «እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነሽ? እግርሽን አንቀሳቅሽው እስቲ» እያለ አንድ ሰዓት ያስቀምጣታል። አንዴ ዛፍ ላይ የተሰቀለች ድመት አውርደው ሲያበቁ ባለቤቷን የድመቷን አራት እግር አንድ በአንድ አስዳበሰው። ዊልማር አላለፈውም።

«ኖንግ፣ እኔም ደህና ነኝ፤ አትጠይቀኝም?»

ሁሉም ሳቀ። ዴልፊን ቱታውን አውልቆ ወጣ። ዊልማር ከኋላው «ምን ሆነ? ምን አልኩት?» ሲል ተሰማ፤ ምስኪን፣ ምን እንዳለ በእርግጥም አያውቅም።

በግንቦት ከሆስፒታል አንድ ዶክተር ለቡድኑ ትምህርት ሊሰጡ መጡ። «እግራቸው የተጨፈለቀባቸውን ተጠንቀቁ» አሉ። «አጥርተው ያወሩላችኋል፣ ይቀልዱላችኋል። ደህና ነኝ ይሏችኋል። አትመኗቸው። ቢሙን ከማንሣታችሁ በፊት ቶሎ ደርሳችሁ የደም ሥር ፈሳሽ ከሰካችሁላቸው ብዙዎቹ ይተርፋሉ።» ዴልፊን እጁን አወጣ። «ቶሎ ማለት በስንት ሰዓት ውስጥ ነው?» አላቸው። ዶክተሩ ቁጥሩን ነገሩት። ጣቱን ከጠረጴዛው ሥር አድርጎ ቆጠረ፤ ጊዜው ከበቂ በላይ ነበር።

ለሚስቱ ለኖርማ አልነገራትም። እሷ ግን ሃያ ዓመት አብራው ኖራለችና የተደበቀ ነገር እንዳለ አውቃለች። «ሌላ ሴት ከሆነች ንገረኝና እንገላገል» አለችው አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች። «ሴት ናት» አላት፤ «ሞተዋል» አለና ፊቱን አዞረ። ኖርማ ያጠበችውን ሸሚዝ እንደያዘች ቆመች፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። ለንስሐ ወደ ቄሱ ሄደ። ቄሱ ሰምተው «እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል፣ ልጄ» አሉት። «እግዚአብሔር አይደለም እኮ ቢም ሥር የነበረው፣ አባ» አላቸው። ቄሱ ሦስት ጸሎት አዘዙት። ሦስቱንም ጸለየ።

ከንቲባው ለአራቱ ተማሪዎች መዳን ለቡድኑ የምስጋና ወረቀት ሰጡ። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ ከዴልፊን ጋር ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ላይ ዴልፊን የሰው ፎቶ ውስጥ በስህተት የገባ መንገደኛ ይመስላል።

ከዚያ ሚንዳ የእናቷን የአርባ ቀን ጸሎት አደረገች፤ ዴልፊንንም በስሙ ጠራችው። በእነሱ ልማድ የሞተ ሰው ነፍስ እስከ አርባ ቀን ቤቱን አትለቅም፤ በአርባው ተመርቃ ትሸኛለች። ዴልፊን ጠዋት ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለበሰ። ናናይ ኮንሲንግ ሳይሸኙ ለሚንዳ እነግራታለሁ ብሎ ወስኗል። በጥፊ ትምታኝ፣ ትስደበኝ፣ ሥራውንም ይውሰዱት፤ ከዚህ የባሰ አይመጣም አለ። ሌላ ያሰበው ነገር አልነበረም።

ጸሎቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ። የናናይ ኮንሲንግ ፎቶ ፊት ከየምግቡ ትንሽ ትንሽ ተነሥቶ ተቀመጠላቸው። ሰዎቹ ወንበር ሲስቡ ዴልፊን በጓሮ በኩል ዞረ። ሚንዳ ሽርጥ አድርጋ ከትልቁ ድስት ሩዝ እየጨለፈች ነው፤ አጠገቧ ማንም የለም።

«ኢንዳይ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ሰው ሳህን እየጠበቀ ነው፣ ኖንግ። ቶሎ በል።»

ነገራት። ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። እናቷ እንደመለሱለት፣ ስለ ቁርባን ሱሪው እንደቀለዱ፣ ደህና ነኝ እንዳሉ። ሁለቱን ጥያቄዎች ፈርቶ እንዳልጠየቀ። ቀለሙን። ጠርሙሱን። ለአለቃው ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ለእሷም ጣቢያ ስትመጣ እንደዋሻት። ሲጨርስ ትንፋሹ ወጣ፤ ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰ።

ሚንዳ አላለቀሰችም። ጭልፋውን ድስቱ ክዳን ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከኪሷ ስልኳን አወጣችና ፈላልጋ ሰጠችው።

«አንብበው።»

የእናቷ መልእክት ነው። የዚያ ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ተኩል። «ልጄ እኔ ደህና ነኝ። የቶኒንግ ልጅ መጥቶ አናገረኝ፣ ተመልሶ ይመጣል። ሥራሽን ትተሽ እንዳትመጪ፣ አለቃሽ ይቆጣል።» ከሥሩ፣ ናናይን አሳጥራ የጻፈችው የሚንዳ መልስ አለ፤ «እሺ ናይ።»

ዴልፊን ሁለቴ አነበበው።

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ጣቢያ ስትመጪ ለምን...»

«እኔ እናቴን አላውቃትም?» አለች ሚንዳ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ እንግዶቹ ቅርብ ናቸው። «ሦስት ቀን ሙሉ እያተኮሳት ደህና ነኝ የምትል ሴት ናት። እኔን ስትወልድ እንኳ አዋላጇን 'ምሳሽን ጨርሰሽ ነይ' ብላታለች ይባላል። እያወቅኋት ደህና ነኝ አለችና ደስ አለኝ። እሺ ናይ ብዬ አንሶላ ማጠፌን ቀጠልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ በላሁ። ዓሣ ነበር። እሾሁን እየለቀምኩ፣ አጣጥሜ በላሁት። አሥር ሰዓት ላይ ስደርስ እናንተ እየቆፈራችሁ ነው።»

ዴልፊን ስልኩን መለሰላት።

«ከዚያ ሪፖርታችሁ መጣ» አለች። «ወዲያው ሞታለች ይላል። መልእክቱን ከእኔ በቀር ያየው የለም። እሷን ያናገርካት ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ጣቢያ የመጣሁት ላመሰግንህ መሰለህ? ዝም ትል እንደሆነ ላይ ነው። ዝም አልክልኝ። የዚያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ። አንተ ዝም እስካልክ ድረስ፣ እኔ ምሳዬን ስበላ እናቴ ሞታ ነበር፤ ገባህ? የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።»

«ኢንዳይ...»

«አሁን ግን ነገርከኝ፤ በሕይወት ነበረች። ዓሣውን ስበላ በሕይወት ነበረች።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ዴልፊን።

«ለየቱ?» አለችው። «ትተሃት ስለሄድክ ነው ወይስ ዛሬ ስለነገርከኝ?»

ከቤት ውስጥ አንዲት ሴት «ሚንዳ! ሩዙ የት ደረሰ?» ብላ ተጣራች። ሚንዳ «መጣሁ!» አለች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። ዴልፊን ስለ መጀመሪያው ይቅርታ ሲያሰላስል አርባ ቀን ሙሉ ከርሟል፤ ሁለተኛውን በደል ግን ከደቂቃ በፊት ነው በገዛ አፉ የሠራው።

«ለሁለቱም» አላት።

ሚንዳ ጭልፋውን አነሣች፤ ወደ ድስቱ ዞራ ሳህኑን ሞላች፣ ሌላም ሳህን ሞላች፣ ሁለቱንም ክንዷ ላይ ደረበች። ከዚያ ነው ቀና ብላ ያየችው።

«ሁለቱን ይቅርታ በአንድ ቀን አልችለውም» አለችው። «አንዱን ይዘህ ሂድ።»